የዶክተር ኤዝራ ካዲላክ

ዲትሮይት፣ ማርች 6 ቀን 1961

ለወንድሜ ልጅ ለኦዴሳ፣

እንደምን ከርመሻል? ተማሪዎችሽ፣ የኦክላንድ ፀሐይ፣ ያ ሲራመድ መሬት የሚጸየፍ የሚመስለው ባልሽ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ መኪና ሥር ስለምተኛ እንጂ ስላረጀሁ አይደለም። የላክሽው የብርቱካን ሳጥን ደርሷል። ግማሹን በላሁና ግማሹን ለእናትሽ ወስጄ «ኦዴሳ የላከችው ይኸው ነው» አልኳት። እውነቱን እንዳትጽፊላት።

ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው። ባለፈው መኸር መጥተሽ ሳለ ጋራዤ በር ላይ ያየሽው ያ ኮፍያውን የማያወልቅ ሽማግሌ ራሱ ሚስተር ዊትኮም ነው። ይዞት የመጣው ጥቁር ሰማያዊ ካዲላክም የአባትሽ ካዲላክ ነው። «የእሱን መኪና ለመጠገን እንዴት እጅዎ ታዘዘልዎ?» ማለትሽ አላስቀየመኝም። እጄ የታዘዘበት ምክንያት አለው። መጀመሪያ ግን እናትሽ የማትነግርሽን ልንገርሽ።

በ1931 አንቺ የአራት ዓመት ልጅ ነበርሽ። አባትሽ የሄስቲንግስ ጎዳናን ሰው ጥርስ ግማሹን ነቅሎ ግማሹን ሞልቶ ጥሩ ገንዘብ ይዞ ነበር። የሚያምረው አንድ ነገር ነው፤ ባለ አሥራ ስድስት ሲሊንደሩ ካዲላክ። ሞተሩ ሲሠራ ድምፁ አይሰማም፤ የቆመ መስሎሽ ይሄዳል። ነገር ግን መኻል ከተማ የነበረው መሸጫ ለጥቁር፣ ለእኛ ሰው አይሸጥም። የተጻፈ ሕግ የለም። ገብተሽ ስትቆሚ ሻጩ እንደ መስታወት አሳልፎ ያይሻል፤ በቃ። ስለዚህ ሐኪሞቻችን፣ የቀብር ቤት ባለቤቶቻችን፣ ቦክሰኞቻችን አንድ ዘዴ ነበራቸው። ስሙን የሚያከራይ ነጭ ይፈልጋሉ። ሰውዬው በእነሱ ገንዘብ፣ በራሱ ስም ይገዛል። ነድቶ ያወጣውና ከጥጉ ዞር ሲል ሊብሬውን አዙሮ፣ ቁልፉን አስረክቦ፣ የድካሙን ተቀብሎ ይሄዳል። ስንቱ እንዲህ ገዝቷል!

አባትሽ ያገኘው ስም አከራይ ዊትኮም ነበር። የጥርስ ወርቅ የሚያመጣለት ሻጭ ነው፤ ስድስት ዓመት ተዋውቀዋል። ገዛ፣ ነድቶ አወጣ፤ ጥጉን ግን አልዞረም። አባትሽ ቤቱ ድረስ ሄደ። «የትኛው መኪና?» አለው። ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። «ሊብሬው በማን ስም ነው?» አሉት።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አባትሽ ግን ደስታ አፍ አያስይዝምና ለምእመኑ ሁሉ «በፋሲካ በካዲላክ እመጣለሁ» ብሎ ነበር። ሰዉ የቤተክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተደርድሮ ጠበቀ። አባትሽና እናትሽ በእግራቸው መጡ። ዲያቆን ፐርኔል «ዶክተር፣ ካዲላኩ ያው እግርህ ነው እንዴ?» አለ፤ ደረጃው በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ቢነግራቸው ግማሹ አያምነውም፤ የሚያምነው ደግሞ «ብርህን ለዚያ ሰጠህ?» ብሎ የባሰ ይስቅበታል። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ስሙ «ካዲላክ ኤዝራ» ሆነ። የሚዋሽ ልጅ ሲገኝ «ካዲላክ አትንዳብኝ» ይባል ነበር። አንቺ ከልጆች ተደባድበሽ ከንፈርሽ ደምቶ የምትመጪው በምን እንደነበር አሁን ገባሽ።

እንግዲህ ለፓስተሩም ያልነገርሁትን ስሚ። ካዲላክ የሚለው ስም የተወሰደው ይህቺን ከተማ ከቆረቆረው ፈረንሳዊ ነው። ባላባት ነኝ ያለው ራሱ ፈጥሮ ነው ይላሉ፤ በመኪናው አፍንጫ ላይ የተለጠፈው ጋሻም እንደዚያው። ዝናው ግን የእውነት ነው። በ1908 ሦስት ካዲላኮች እንግሊዝ አገር ብሎን በብሎን ተፈቱ። የሦስቱ ዕቃ አንድ ላይ ተከመረና ተደበላለቀ፤ ከክምሩ ሦስት መኪና ተገጣጠመ፤ ሦስቱም ሄዱ። በዚያ ዘመን የሌላው መኪና ዕቃ በሞረድ ካልተላገ አይገጥምም ነበር። ይህን ያነበብሁት ፋብሪካ ስጠርግ፣ መጥረጊያዬን ተደግፌ ነው። የአንዱ ለሌላው ይገጥማል። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ሃያ ዓመት ተኛ።

በ1951 ዊትኮም ጋራዤ መጣ። አሥራ ስድስቱን ሲሊንደር በጆሮው የሚያስተካክል ሌላ መካኒክ የለም ብለው ልከውት ነው። መኪናውን አወቅሁት፤ እሱ እኔን አላወቀኝም። በዓመቱ ቶሌዶ ከተማ፣ አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ዘንድ፣ የዚያኑ ዓመት፣ የዚያኑ ዓይነት፣ ጎኑ የተጨፈለቀ ካዲላክ አገኘሁ። ገዝቼ ጎተራዬ ውስጥ አስገባሁት።

ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ኦዴሳ። ዊትኮም በጸደይ አንዴ፣ በመኸር አንዴ ያመጣዋል። በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እኔ ዘንድ ይቀራል፣ አንድ ነገር ይሄድለታል። በሮቹ፣ ፓራፋንጎዎቹ፣ መሪው፣ ካምቢዮው። ባለፈው መኸር ሻንሲው። የቶሌዶውን አቅንቼ፣ ቀብቼ፣ አሳምሬ እሰጠዋለሁ። «ሌም፣ አዲስ መኪና አደረግከው!» ይለኛል። እውነቱን ነው።

የቀረው ሞተሩ ብቻ ነው። ዋናው ደግሞ እሱ ነው፤ የዚያን ዘመን መኪና ሊብሬው ላይ የሚሰፍረው የሞተሩ ቁጥር ነውና። ሞተሩ ያለው የት ነው? መኪናው እዚያ ነው።

አሥር ዓመት ሙሉ «ሌም» ይለኛል። የቤተሰብ ስሜን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ አቃጥዪው።

አጎትሽ ሌሙኤል


ኦክላንድ፣ ማርች 20 ቀን 1961

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት። የእርስዎን ግን አላቃጠልሁትም። ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በሦስተኛው ሳቅሁ፤ ባሌ ከሌላ ክፍል መጥቶ ማን ሞተ አለኝ። ሳቄ እንደዚያ ነበር።

ያቁሙ አልልዎትም። እርስዎ ባይጀምሩት እኔ እጀምረው ነበር፤ ምንም እንኳ ከብሎን ውስጥ ራሱና እግሩ የቱ እንደሆነ ባላውቅ። የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ሞተሩን ካወጡለት በኋላስ? የአባቴ መኪና ሙሉ ሆኖ ጎተራ ውስጥ ይቆማል። ማን ሊያየው? ነድተው ቢያወጡት ሌባው እርስዎ ይሆናሉ፤ ዊትኮም ደግሞ የተሰረቀ ምስኪን።

እኔ ብረቱን አልፈልገውም፣ አጎቴ። አባቴ እውነቱን ነበር ብሎ አንድ ሰው በምእመኑ ፊት ቆሞ እንዲናገር ነው የምፈልገው፤ እናቴ በሕይወት ሳለች። ሐኪሙ ስለ ልቧ የነገራችሁን ከጎረቤት ነው የሰማሁት። ለምን ደበቁኝ? «ክረምቱ ትንሽ አድክሟታል» ብለው የጻፉልኝ ይህን ነበር?

ብርቱካኑን ግማሽ እንደበሉ እናቴ ነግራኛለች። ሳጥኑ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል።

ልጅዎ ኦዴሳ


ዲትሮይት፣ ጁን 11 ቀን 1961

ለኦዴሳ፣

የእጅ ጽሑፌ የዶሮ ጭረት ሆኖብሽ ከሆነ በግራ እጄ ስለጻፍሁ ነው። ቀኙን አትጠይቂኝ። እሺ፣ ከጠየቅሽኝ፣ ከባድ ነገር በሰንሰለት አንጠልጥሎ የሚያወርድ ሰው ጣቱን ከሥሩ ማውጣት አለበት። ሁለቱ ጣቶች ተሰብረዋል፤ ይጠገናሉ።

ስለ እናትሽ ልብ ያልጻፍሁት እሷ ስላስማለችኝ ነው። «ከነገርካት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፤ ከመጣች ደግሞ ቤቴን ታጸዳዋለች» አለችኝ። ይቅር በዪኝ። ሐኪሙ «መቼ» አላለም፤ «ተጠንቀቁ» ነው ያለው። እሷ ግን ትናንት መሰላል ላይ ወጥታ መጋረጃ ስትሰቅል አግኝቻታለሁ።

ዋናው ነገር ግን ተፈጽሟል፤ ሞተሩን ቀይሬዋለሁ። ዊትኮም ትናንት መጥቶ መኪናውን ወሰደ። የሞተሩን ክዳን ከፈትሁለት፤ አንድ ሳንቲም በጠርዙ ሞተሩ ላይ አቆምሁና አስነሳሁት። አልወደቀም። ሞተሩ የቶሌዶው ይሁን እንጂ ያው አሥራ ስድስት ሲሊንደር ነው። በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ በተሰበረው እጄ በኩል ያለውን።

በኦገስት ቤል አይል ደሴት ላይ የአሮጌ መኪኖች ማኅበር ትርዒት አለ። ዘንድሮ ዋንጫው የሚሰጠው ከመጀመሪያ ባለቤቱ እጅ ላልወጣ መኪና ነው። ዊትኮም ለዋንጫው የሚሆን ቦታ እንኳ መርጧል። ዳኞቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ቁጥር ያነብባሉ።

«ከዚያ በኋላስ?» ላልሽው፦ እስካሁን እስከዚህ ብቻ ነው ያሰብሁት።

አጎትሽ ሌሙኤል


ዲትሮይት፣ ኦገስት 21 ቀን 1961

ለኦዴሳ፣

አዎ፣ እዚያው ነበርሁ። ቱታዬን ለብሼ፣ ጨርቅ ይዤ፣ የመኪናውን አፍንጫ እየወለወልሁ። «ሌም፣ ዛሬ ከአጠገቤ አትራቅ» ብሎኝ ነበር፤ መታዘዝ ደግሞ አመሌ ነው።

የሆነውን በአጭሩ። አንዱ ዳኛ መነጽሩን አጥልቆ ጎንበስ አለና የሞተሩን ቁጥር አነበበ። ሊብሬውን አየ። እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ ጓደኛውን ጠራ። ከፋብሪካው መዝገብ የተቀዳ ወረቀት ነበራቸው።

«ሚስተር ዊትኮም፣ ይህ ሞተር በ1931 ቶሌዶ ለአንድ ሥጋ ሻጭ የተሸጠ ነው» አለው።

«ምን ሥጋ ሻጭ? እኔው ራሴ ነኝ የገዛሁት! በእጄ! ከመሸጫው ራሴ ነድቼ ነው ያወጣሁት!»

«በሮቹም የሌላ ናቸው።»

«ሠላሳ ዓመት ነዳሁት እኮ! ማንንም ጠይቁ!»

የተጠየቀ የለም። አንዲት ሴትዮ በመሐረብ አፏን ሸፈነች። ከኋላ አንዱ «ሥጋው ትኩስ ነው?» አለ፤ ሰዉ ሁሉ ፈነዳ። ዊትኮም ዞሮ ዞሮ ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። «ሌም፣ ንገራቸው! አንተ ታውቃለህ!» አለኝ። እኔም ጨርቄን አጥፌ «እኔ የምወለውል ሰው ነኝ፣ ጌታዬ» አልሁ። ማኅበሩ በአጭበርባሪነት ሰርዞታል። እነዚያ ጓደኞቹ አሁን «ሥጋ ሻጩ» ነው የሚሉት።

ኦዴሳ፣ ያን ቀን ሁለት ሳህን የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ውሸታም ያልሆነ ሰው ውሸታም ሲባል ፊቱ ምን እንደሚመስል በኤዝራ አይቼው ነበር። ዊትኮም ላይም አየሁት። አንድ ነው።

ሳልታገሥ ለእናትሽ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት። ጎተራውን፣ ዘጠኙን ዓመት፣ ሁሉን። ጎመን እየቆረጠች ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«የኤዝራን ስም አንስተዋል?» አለችኝ።

«የለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አንተ ነህ የተደሰትኸው» አለችና መቁረጧን ቀጠለች።

አሁን ምን ልሁን?

አጎትሽ ሌሙኤል


ኦክላንድ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1961

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጣቶችዎ እንዴት ናቸው? እናቴ «ጠማማ ሆነው ነው የዳኑት፣ እንደ ባለቤታቸው» ብላ ጽፋልኛለች።

እናቴ ልክ ናት፤ አይቀየሙ። ዊትኮምን አባቴን አደረጉት፤ አባቴ ግን ያው ካዲላክ ኤዝራ ነው። ግን ደግሞ ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ዊትኮም ዛሬ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። ያለ መኪናው ውሸታም ነው። መኪናውን ለማግኘት ደግሞ እርስዎ ዘንድ መምጣት አለበት። ሲመጣ የእውነተኛውን ዋጋ ይጠይቁት።

የሚጽፈውን በሌላ ወረቀት አያይዤ ልኬያለሁ። አጭር ነው፤ የክፍል ልጆች ቢገለብጡት በአንድ ገጽ ይበቃቸዋል። ማን በማን ገንዘብ እንደገዛ፣ የሞተሩን ቁጥር፣ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ለአባቴ «የትኛው መኪና?» ብሎ እንደመለሰለት። በእጁ ይጻፈው። በቤተክርስቲያናችን ይነበባል። ከዚያ መኪናውን ሙሉ አድርገው ይስጡት። አዎ፣ ይስጡት። ቃልዎን ይጠብቁ።

አይፈርምም ብለው ይሰጉ ይሆናል። ይፈርማል። በ1931 ፖሊስ ጣቢያ የእኛ ሰው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን አይቷል። ዛሬም ያው ይመስለዋል። እኛ ዘንድ የሚነበብ ወረቀት እሱ ሰፈር ይደርሳል ብሎ አያስብም።

አብሮኝ የተማረው ጋርኔት አሁን ጠበቃ ነው። ጽፌለታለሁ። ምስክር ሆኖ ይቁም። የሚለብሰው ቱታ ይስጡት።

እናቴ መሰላል ላይ እንዳትወጣ።

ልጅዎ ኦዴሳ


ዲትሮይት፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1961

ለወንድሜ ልጅ ለኦዴሳ፣

ሁለቱንም ቴሌግራሞችሽን ተቀብያለሁ። ለሁለተኛው ቅር አትበዪኝ፤ «ይጻፉ እንጂ!» የሚል ቴሌግራም ሲመጣ ፖስተኛው የሞት መርዶ መስሎት ኮፍያውን አውልቆ ነው የሰጠኝ። በሰላም ነን። እናትሽም ደኅና ናት፤ እንዲያውም ችግሩ ደኅንነቷ ነው። እደርስበታለሁ።

ዊትኮም የመጣው በወሩ አጋማሽ ነው፤ ብቻውን።

«ሌም፣ ምን አደረግኸኝ?»

«ሚስተር ዊትኮም፣ የቤተሰብ ስሜን ያውቁታል?»

«ስምህ ምን ያደርግልኛል?»

«ቶሊቨር ነው።»

ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ «እርስዎ» ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ፣ ኦዴሳ። አሥር ዓመት የለመድሁት ቃል ጠፋኝ።

«ፖሊስ እጠራለሁ» አለኝ።

«ጥራ። ስልኩ ያውልህ። እጅህን ግን መጀመሪያ ጥረገው፣ ዘይት አለበት። ስለ ማን መኪና እንደምትነግራቸው እኔም እሰማለሁ። የእኛ ጋዜጣ ሰዎችም ይሰማሉ።»

ስልኩን አየው፤ አላነሳውም። ወረቀትሽን ሰጠሁት። ሲያነብብ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ረጋ።

«ይህ የት ነው የሚነበበው?»

«ቤተክርስቲያናችን።»

«ከዚያስ ማን ይወስደዋል?»

«ባልቴቷ።»

«አንዲት ባልቴት» አለና ሊስቅ ምንም አልቀረው። «መኪናውንስ?»

«ሙሉውን። ዛሬውኑ። የአንተን በሮች፣ የአንተን ሞተር፣ አንድ ብሎን ሳይቀር።»

«ብዕር አምጣ።»

ጋርኔት ከጥግ ቆሞ ብሎን ይቆጥራል። የእኔ ቱታ አጥሮት ቁርጭምጭሚቱ ይታያል፤ ከሥሩ ክራባቱን ማውለቅ ረስቶ ነበር። ዊትኮም ግን ቀና ብሎ አላየውም። «ያ ልጅህም ይፈርም፣ ቶሎ በል» አለ። ጋርኔት ፈረመ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። ጎተራውን ከፍቼ የአባትሽን ካዲላክ አስነሳሁ፤ ድምፁ አልተሰማም። ቁልፉን ሰጠሁት። እያፏጨ ሄደ። ነድቶት የመጣውን የቶሌዶውን በማግሥቱ ጎትቼ አደረስሁለት።

እሑድ ፓስተሩ ወረቀቱን አነበበው። ዊትኮም የጻፈውን ሁሉ፣ «የትኛው መኪና?» እስከሚለው። ዲያቆን ፐርኔል ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በከዘራው ተደግፎ ተነሳና ወደ እናትሽ ዞረ።

«እትዬ አልበርታ፣ ምን ብዬ ልለምንሽ? ሠላሳ ዓመት በሙሉ…»

«ሠላሳ ዓመት ተናግረሃል፣ ዲያቆን። አሁን ሠላሳ ዓመት ዝም በል» አለችው። ምእመኑ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ፓስተሩ «ዶክተር ኤዝራ ቶሊቨር እውነተኛ ሰው ነበር» አለ፤ ሁሉም «እውነተኛ ነበር» ብሎ መለሰ። የጠየቅሽው ይህ ነበር። ሆኗል። እናትሽ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ታይ ነበር። እጇን ያዝሁት።

ጋርኔት ግን ሥራው ገና ነበር። ሰኞ የራሱን ሱፍ ለብሶ ወደ ዊትኮም ሄደ። ሰውዬው በእጁ «መኪናው የዶክተር ቶሊቨር ነው» ብሎ ጽፏል፤ በምስክር ፊት ፈርሟል። ጽሑፉ በዚያው ጠዋት ጋዜጣችን ላይ ወጥቷል፤ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ፣ አንድ ቅጂ ለሰፈሩ ሰዎች ደርሷል። ፍርድ ቤት መቆም ይሻልሃል ወይስ መኪናውን በፈቃድህ ማስረከብ ተባለ። መኪናው እሱ ዘንድ የቆየው ስምንት ቀን ነው።

ማክሰኞ ራሱ ነድቶ እናትሽ ቤት አመጣው። ሊብሬውን በስሟ አዙሯል። ኮፍያውን አውልቆ ነበር። ቁልፉን ሊያቀብላት እጁን ሲዘረጋ «ጠረጴዛው ላይ» አለችው። አስቀመጠ። «ወይዘሮ ቶሊቨር፣ እኔ በዚያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ፤ አሁን ቢሆን…» ብሎ ጀመረ። «አውቶቡሱ ከጥጉ ነው የሚቆመው» አለችውና በሩን ዘጋች።

እኔ በቃ፣ አለቀ ብዬ ነበር። ጥሩ ቡና ጠጥቼ እቤቴ ገብቼ ለአንቺ ልጽፍ። እናትሽ ግን ካፖርቷን ለበሰች።

«የት ነው የሚኖረው?» አለችኝ።

«ግሮስ ፖይንት፣ ሐይቁ ዳር።»

«አስነሳው።»

ከእሱ አውቶቡስ በፊት ደረስን። ጎዳናው ጥግ ላይ አቁመን ጠበቅነው። ሲወርድ አየን። «በቀስታ» አለችኝ። እሱ በእግረኛው መንገድ፣ እኛ ከጎኑ፤ እርምጃ በእርምጃ። አላየችውም፤ ፊት ለፊቷን ነው የምታየው። ሞተሩ አይሰማም፤ የሚሰማው የዊትኮም ጫማ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ቅጠል የሚጠርግበትን መጥረጊያ ይዞ ቀጥ አለ። ጋዜጣውን ያነበቡ ነበሩ። በሩ ጋ ሲደርስ ቁልፉ ከእጁ ሁለት ጊዜ ወደቀበት።

«አሁንስ በቃሽ፣ እትዬ?» አልኋት።

«ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

ይኸው ሰባተኛ ቀናችን ነው። ትናንት ሐኪሙን አስፈቅጄላታለሁ ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። ሐኪሙ አላወቀም። እኔ እንኳ እነሆ ልቤ መራራት ጀምሮ «ዛሬ እንቅር» ብላት፣ «አንተ ዘጠኝ ዓመት ወስደሃል፤ እኔ ገና ሳምንቴ ነው» አለችኝ። ቀለሟ ተመልሷል፣ ትበላለች፣ ደረጃ ስትወጣ አታርፍም። አንቺ ጻፊላትና ተይው በያት። ወይም አትበያት። እኔ እንጃ።

ብዙ ልጽፍ ነበር፤ ግን ከውጭ ጥሩንባው እየጮኸ ነው። ሦስተኛዋ ነው። አራተኛውን ከነፋች ሰፈሩ ይነሳብናል።

መጣሁ፣ እትዬ!

አጎትሽ ሌሙኤል